የወር ኢንሱሊኔ በ23ኛው ቀን ሲያልቅብኝ ለደረሳችሁልኝ

ከሆስፒታል ከወጣሁ 6 ሳምንት ሆነኝ። ይህን ምስጋና ያዘገየሁት ማንን አስቀድሜ ማንን ላስከትል እያልኩ ስጨነቅ ነው። በመጨረሻ ነገሩ እንደመጣ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ስማችሁን ያላነሣሁት ፈቃዳችሁን ስላልጠየቅኩ ነው። ስታነቡት ራሳችሁን ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ለጎረቤቴ ለእማማ። ያን ቀን ጠዋት በሬን አንኳኩተው መልስ ሲያጡ "ተኝታ ይሆናል" ብለው መመለስ ይችሉ ነበር። አልተመለሱም። ሰው ጠርተው በሩን አስከፈቱ። ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ደግሞ "አፏ የበሰለ ፍሬ ይሸታል፤ ትንፋሿም ልክ አይደለም" ብለው ተናገሩ። ሐኪሞቹ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ስኳር እንዳለብኝ እንኳ ገና ሳይሰሙ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው የጠቆመቻቸው ያቺ የእርስዎ ቃል ናት። ሰውነት ኢንሱሊን ሲያጣ ስኳሩ ደም ውስጥ ሞልቶ እያለ መጠቀም አይችልም። ስብ ማቃጠል ይጀምራል። ከዚያ የሚወጣው ኬቶን ደሙን አሲድ ያደርገዋል፤ ሽታውም ከእሱ ነው። እማማ፣ እድሜ ይስጥልኝ።

ለድንገተኛ ክፍልና ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲስተሮች። ሌሊቱን ሙሉ በየሰዓቱ ጣቴን እየወጋችሁ ስኳሬን ለካችሁ። ፈሳሹን፣ ኢንሱሊኑን፣ ፖታሲየሙን እየተከታተላችሁ አነጋችሁ። ከእናንተ አንዷን ግን ለብቻዋ ላመስግናት። ራሴን ሳውቅ "መርፌሽን ለምን ተውሽው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። "ረሳሁት" አልኩሽ። ምንም ሳትይ ሄድሽ። ትንሽ ቆይተሽ ተመለስሽና መጋረጃውን ዘግተሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሽ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ "ረስተሽ ነው ወይስ አልቆብሽ?" አልሽኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እኔ ስኳሬን ደብቄ አላውቅም። ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ሰው ፊት እወጋለሁ። የደበቅኩት መግዣ ማጣቴን ነው። የመንግሥት ጤና መድን አለኝ፤ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል። መድን ያለው ሰው "መድኃኒት መግዛት አቃተኝ" ቢል ማን ያምነዋል ብዬ አፈርኩ።

የሆነው ይህ ነው። ለምግብ የምወጋው ኢንሱሊን ወር ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው ያልቃል። መድኑ ደግሞ "ጊዜው ገና ነው" ብሎ አይሸፍንም። ሦስት ወር ጉድለቱን ከኪሴ ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ገዛሁ። በአራተኛው ወር አልቻልኩም። በቀን አንዴ መብላት ጀመርኩ፤ አንዴ ከበላሁ አንዴ እወጋለሁ በሚል ስሌት። መሐል ላይ ትኩሳት ያዘኝ፤ ያስመልሰኝም ጀመር። "ምንም ካልበላሁ ምን እወጋለሁ" ብዬ የማታውን ረጅም ጊዜ የሚሠራውን ኢንሱሊን ጭምር ተውኩት። ትልቁ ስህተቴ እሱ ነው። በሕመም ጊዜ የሰውነት የኢንሱሊን ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። የማታው መርፌ ባይበሉም አይተውም፤ ስኳርን ቶሎ ቶሎ እየለኩ ሐኪም መጠየቅ ነው የሚሻለው። ይህን ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ መማር ከባድ ነው።

አሁን ወዳንቺ መጣሁ፣ ፋርማሲስቷ እህቴ። ማዘዣውን ይዤ ስመጣ ከኋላዬ ረጅም ሰልፍ ነበር። አንቺ ግን ወረቀቱን ሁለቴ አነበብሽው። "ስትወጊ መጀመሪያ አየሩን ለማስወጣት ስንት ትረጫለሽ?" አልሽኝ። "2 ዩኒት" አልኩሽ። የመድኃኒት ከረጢት ገልብጠሽ ጀርባው ላይ ጻፍሽ። የታዘዘልኝ በቀን 20 ዩኒት ነው፤ በ30 ቀን 600፣ ማለትም ባለ 300 ዩኒት 2 ፔን (በእስክሪብቶ መልክ የተሠራ የኢንሱሊን መርፌ)። በቀን 3 ጊዜ 2 ዩኒት ስረጭ ግን የማወጣው 26 ነው። 600ን ለ26 አካፈልሽና መልሱን በእስክሪብቶ ከበብሽው፤ 23። ያን ቁጥር ሳይ እግሬ ከዳኝ። አራት ወር ሙሉ "አባካኝ ነኝ፣ የሆነ ቦታ እያጠፋሁት ነው" እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነበር። ጥፋቱ ማዘዣው ላይ ባልተቆጠሩ 6 ዩኒቶች ነበር። ያ ከረጢት አሁንም አለ፤ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ፔን የምትጠቀሙ ሁሉ እባካችሁ ማዘዣችሁን አውጥታችሁ እዩት። በቀን የሚወጣው ጠቅላላ መጠን፣ የሚረጨውም ጭምር፣ በቁጥር ተጽፏል? "እንደ አስፈላጊነቱ" ብቻ ከሆነ መድኑ የራሱን ግምት ነው የሚወስደው።

ዶክተር፣ እርስዎንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፋርማሲስቷ ስትደውልልዎት አልተቆጡም። ማዘዣውን በዚያው ቀን "በቀን እስከ 26 ዩኒት" ብለው እንደገና ጻፉት። መድኑ መጀመሪያ አልቀበልም ሲል ደግሞ ምክንያቱን ዘርዝረው ደብዳቤ አዘጋጁልኝ። በቀን 4 ጊዜ ለምን መለካት እንዳለብኝም ስለጨመሩበት የስኳር መለኪያ ስትሪፑ አብሮ ተፈቀደ።

የመድኑ ቢሮ መስኮት ላይ የነበርከው ሠራተኛ፣ "አልተፈቀደም" የሚለውን ወረቀት ሰጥተኸኝ ልሄድ ስል ጠራኸኝ። "ይግባኝ አለው እኮ፤ ይህን ፎርም ሙዪና የሐኪሙን ደብዳቤ አያይዢ" አልከኝ። እኔ "አልተፈቀደም" ማለት አበቃ ማለት መስሎኝ ነበር። መልሱ በ12 ቀን መጣ።

እነዚያን 12 ቀናት ያለፍኩት ደግሞ በብልቃጥ ኢንሱሊን ነው። የድሮው ዓይነት፣ መድኑ ያለ ክርክር የሚሸፍነው። መጠኑን ዶክተር ወሰኑልኝ። አወጋጉን አንቺ አሳየሽኝ፣ ፋርማሲስቷ እህቴ። መርፌውን ቀና አድርገሽ ይዘሽ በጥፍርሽ ቸብ ቸብ ስታደርጊው አረፋው ተነሥቶ ወጣ። "ይህኛው ቶሎ አይሠራም፤ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ተወጊ። ምግቡን ግን እንዳትዘነጊ፣ ስኳርሽ ይወርዳል" አልሽኝ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሲያጉረመርም "አንዴ ይታገሡኝ" አልሽው እንጂ አላቻኮልሽኝም።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ያዋጣችሁት ገንዘብ የሆስፒታሉን ቀሪ ሒሳብ ዘግቶልኛል። ወንድሜ፣ ሌሊት 9 ሰዓት እየደወልክ "ለካሽ?" ስትለኝ ብበሳጭብህም አመሰግንሃለሁ።

አልጋ ላይ ሳለሁ ስለ ሌሎችም አሰብኩ። ጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ሊዮናርድ ቶምሰን የተባለ ልጅ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ መድኃኒቱ በደንብ አልተጣራም ነበርና እንደታሰበው አልሠራም። ኮሊፕ የተባለ ተመራማሪ አጣርቶት ከ12 ቀን በኋላ ሲደገም ነው ልጁ የዳነው። በዓመቱ መድኃኒቱን የሠሩት ተመራማሪዎች ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በ1 ዶላር፣ በ1 ዶላር ሸጡት። ለሁሉም እንዲደርስ ፈልገው ነበር። እነሱንም አመሰግናለሁ፤ ባይሰሙኝም።

ዛሬ ወሩ 27ኛ ቀኑ ነው። ሦስተኛው ፔን ገና ግማሽ አልደረሰም። እህቴ፣ ሐሙስ ማዘዣዬን ይዤ እመጣለሁ። ሰልፉ አጭር ከሆነ ይህን ደብዳቤ ራሴ አነብልሻለሁ።