ፍም ሆነ ማለት አበቃለት ማለት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ስለ ማገዶ ጭስ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ሰፈር ብዙው ሰው “እኛን አይመለከትም” ብሎ ነው የሚያልፈው። የምኖረው ተክለ ሃይማኖት ነው። እዚህ እንጨት የሚያነድ ጥቂት ነው፣ ከሰል የማይገባበት ቤት ግን አላውቅም።

እንጨትማ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ከቤት ያስወጣል። ከሰል ደጅ ተራግቦ ፍም ሲሆን “ጭሱ አለቀ” ይባልና ይገባል። ዋናው ገዳይ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ፣ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም መውጣቱን አያቆምም።

ነሐሴ ላይ እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ማታ ቡና ተፈልቶ በረካው ሲያልቅ፣ ብርዱ ከብዶ ስለነበር ማንደጃውን አልጋው ግርጌ አስጠጋነው፣ በሩን ዘጋን፣ እናቴ ደግሞ ንፋስ እንዳይገባ ብላ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወተፈችው። ሌሊት የእህቴ ልጅ ስታስመልስ ነቃሁ። ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል። ልነሳ ብል ጉልበቴ ከዳኝ፤ በሩ ጋ የደረስኩት በዳዴ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ወተት፣ ሌላዋ ሎሚ ይዛ መጣች፤ “ከሰል አፍኗቸው ነው” አሉ፣ ወዲያው። የገረመኝ ይሄ ነው። ሁሉም ያውቀዋል! ግን ወተት ሲጠጡ የሚያልፍ ነገር አድርገው ነው የያዙት። ወተት ጋዙን ከደም አያወጣም። ንጹህ አየር ላይ መውጣት፣ ከዚያ ቶሎ ጤና ተቋም ሄዶ ኦክስጅን ማግኘት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ምክንያት በ2020 (እ.ኤ.አ.) 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይሄ ቀስ እያለ በልብ፣ በስትሮክና በሳንባ ሕመም የሚወስደው ነው፤ እኛ ላይ የደረሰው ዓይነት የአንድ ሌሊት መታፈን ሌላ ነው።

“በኤሌክትሪክ ተጠቀሙ” ይባላል። እሺ፣ ግን ቆጣሪያችን የጋራ ነው፤ አንዷ ምጣድ ስትሰካ የግቢው መብራት ድርግም ይላል። ስለዚህ ከሰሉ ገና አብሮን ይኖራል። የምለምናችሁ ክረምት ሳይገባ ስለ ከሰል ለብቻው አጠር አድርጋችሁ እንድትጽፉ ነው፤ የእድራችን ጸሐፊ ስብሰባ ላይ እንዲያነበው።

እኛ ቤት ማንደጃው አሁን ደጅ ነው የሚያድረው። የእህቴ ልጅ “ከሰሉ ወጣ?” ብላ ሳትጠይቅ አትተኛም።

አንባቢያችሁ፣ ከተክለ ሃይማኖት