በሎጎ ሐይቅ የሚጠልቁ ወጣቶች የደሴን ዳገትም ያስቡ

ክቡር አዘጋጅ፦

ጥቂት ወጣቶች የአየር ሲሊንደር አዝለው ከሎጎ ሐይቅ ዳርቻ እየተነሡ ስለ መጥለቃቸው በቅርቡ በጋዜጣችሁ የወጣውን ዘገባ በደስታ አንብቤዋለሁ። በባሕር ኃይል ሳገለግል ይህን ሙያ የተማርሁት ምጽዋ ላይ ነበርና፣ ከቀይ ባሕር ከተለያየን ወዲህ በትውልድ አገሬ በወሎ አየዋለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። ሆኖም ዘገባው የውኃውን ቅዝቃዜና የልጆቹን መንቀጥቀጥ እንደ ጀብዱ ሲያወሳ፣ ከብርዱ ይልቅ የሚያሰጋውን የቦታውን ከፍታ ጨርሶ ሳያነሣ አልፏል። (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውም ዘገባው እንዳለው ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ለጠላቂ መርዝ ይሆናል።)

ሎጎ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ በጠላቂዎች ሥርዓት ደግሞ ከ300 ሜትር በላይ ለሚገኝ ውኃ ሁሉ የተለየ ስሌት ይሠራለታል። ምክንያቱም በምጽዋ ዳርቻ የቆመ ሰው አንድ ሙሉ የከባቢ አየር ግፊት ሲሸከም፣ በሎጎ ዳርቻ የቆመው የሚሸከመው ከዚያ አራት አምስተኛውን ያህል ነው፤ ውኃው በየ10 ሜትሩ የሚጨምረው ግፊት ግን በሁለቱም ቦታ ይህን ያህል አይለያይም። ስለዚህ በሎጎ 20 ሜትር የጠለቀ ሰው ወደ ላይ ሲወጣ የሚገጥመው የግፊት መቀነስ፣ በባሕር 25 ሜትር ያህል ጠልቆ ከወጣ ሰው ጋር ይመጣጠናል። በጥልቀት ሳለ በደሙና በሥጋው ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ የሚወጣበት ጊዜ ካላገኘ አረፋ ይሠራል፤ ጉዳቱም ከመገጣጠሚያ ሕመም ይጀምርና ሽባ እስከ ማድረግ፣ አልፎም እስከ ሞት ይደርሳል። ለባሕር የተዘጋጀውን የጥልቀትና የቆይታ ሰንጠረዥ ሳያስተካክሉ እዚህ መጠቀም እንግዲህ ራስን ማታለል ነው። በባሕር ወለል ልክ የተሠራ የቆየ የጥልቀት መለኪያም ጥልቀቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ብርዱም ቢሆን ከዚህ የተለየ ጉዳይ አይደለም። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር ይልቅ ከሃያ ጊዜ በላይ ፈጥኖ ስለሚወስድ፣ ሐይቃችን እንደ ሰሜን አገሮች ውኃ በረዶ ባይሠራም፣ ስስ ልብስ ለብሶ ብዙ የቆየ ሰው መንቀጥቀጡ አይቀርም። የበረደው ሰው አየሩን ቶሎ ይጨርሳል፤ ጣቶቹ ደንዝዘው መቆለፊያ ለመፍታት ያስቸግሩታል፤ ወደ ላይ በሚወጣበት ሰዓት ከበረደው ደግሞ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ ናይትሮጅኑ የሚወጣው ይበልጥ በዝግታ ነው። በዘገባው ላይ እንደ ጉብዝና የተቆጠረው መንቀጥቀጥ በእኔ ግምት መውጫ ሰዓት መድረሱን የሚያሳይ ምልክት ነው። ወፍራም ልብስ ሲለበስ ለመስመጥ በወገብ የሚታሰረው የእርሳስ ብረት ክብደት መጨመር፣ ውኃው ጨው አልባ ስለሆነ ደግሞ በባሕር ከለመዱት መቀነስ አለበት፤ ይህ ዳርቻው አጠገብ፣ እግር መሬት በሚነካበት ቦታ ተሞክሮ የሚስተካከል ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን የዘገባው የመጨረሻ አንቀጽ ነው። ልጆቹ ከውኃው እንደ ወጡ ወዲያውኑ መኪና ተሳፍረው ለምሳ ወደ ደሴ መውጣታቸውን ይናገራል። በሎጎ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ በቦሩ ሜዳ በኩል ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት 500 ሜትር ያህል ያስወጣል፤ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት እንደገና ስለሚቀንስ በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ ይጠበቃል፤ ደሴም ከዚያ አያንስም። ጠላቂ ወደ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ጠልቆ ከሆነ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ የሚመከረው ምክር እንግዲህ ለደሴ ዳገትም ሊታሰብ ይገባዋል። ሐይቅ ከተማ ማደሪያም፣ ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶም ስላለ፣ ምሳውም አዳሩም እዚያው ቢሆን የሚጎዳ የለም።

ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን የጣሉበትን ቦታ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ጠላቂ መኖሩን የሚያሳይ ባንዲራ በውኃው ላይ ማንሳፈፍና ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የትምህርት ቦታ ሆኖ የኖረውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ዳርቻ ያለ መነኮሳቱ ፈቃድ አለመንካት የአገሬው ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ስለሆነ አላስረዝመውም።

ዝግጅት ክፍላችሁ በጉዳዩ ላይ ተመልሶ የሚጽፍ ከሆነ፣ የልጆቹ አሠልጣኝ ለከፍታ ቦታ የሚሆን ሥልጠና እንዳለው፣ በዳርቻው ላይ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን የሕክምና ኦክስጅን መኖሩንና አረፋ የጎዳው ጠላቂ በከፍተኛ ግፊት የሚታከምበት ክፍል ያለው የቅርቡ ሆስፒታል የት እንደሆነ እንዲጠይቅልን እለምናለሁ። ወጣቶቹ ቀጥሎ ወደ አርዲቦ ለመሄድ ማሰባቸውም ተጽፏል። አርዲቦ ውኃውን ወደ ሎጎ የሚያወርድ፣ ከእርሱ ከፍ ብሎ የሚገኝ ሐይቅ ነውና ለሎጎ ያወጡትን ስሌት ይዘው እንዳይገቡ፣ እንደገና እንዲያሰሉ ንገሩልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የቀድሞ የባሕር ኃይል ባልደረባ፣ ከሐይቅ ከተማ፣ ደቡብ ወሎ