አውቶቡስ ተራ ለሚወርዱ ሴት ልጆች ማረፊያ፦ የድጋፍ ጥሪ

ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጣው አውቶቡስ መርካቶ ሲደርስ ደላላው ተሳፋሪውን ሁሉ አይከተልም። ዓይኑ የሚያርፈው ፌስታሏን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ከወረደችበት ሳትንቀሳቀስ ግራ ቀኝ በምታይ ልጅ ላይ ነው። «እህቴ፣ ማን ይቀበልሻል?» ይላታል፣ በአገሯ አነጋገር። «ማንም» ካለች ሻይ በዳቦ ይጋብዛታል፣ የአልጋም ይከፍልላታል። በማግስቱ ያ ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይቆጠርባታል።

«ለምን እሺ ብላ ተከተለችው?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ ያለው ከመጣችበት ቤት ነው። በዱላ ያደገች፣ ያለዕድሜዋ ተድራ ያመለጠች፣ ወይም ዘመድ ደፍሯት «አፍሽን ዝጊ» የተባለች ልጅ ለተቆጣ አዋቂ እሺ ማለት ከዱላ እንደሚያድን፣ መናገር ግን ጣጣ እንደሚያመጣ ተምራለች። ይህ ትምህርት በቤቷ ሳለች አትርፏታል። አውቶቡስ ተራ ላይ ግን የደላላውን ሥራ ግማሹን ይጨርስለታል፤ ትንሽ ደግነት፣ ቀጥሎ ትንሽ ቁጣ ይበቃዋል። «ደላላ አትመኑ» የሚል ፖስተር ለማሳተም ገንዘብ የማንጠይቀውም ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው 8 ልጆች የሚያድሩበት ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለመከራየትና ለማደራጀት ነው። ሁለቱ ክፍሎች መኝታ፣ አንዱ ማነጋገሪያ ይሆናሉ። 8 አልጋ ከነፍራሹ፣ 8 የፍራሽ ላስቲክና 24 አንሶላ ያስፈልጋል። አንሶላው የበዛው በፍርሃት ሌሊት አልጋ የሚያረጥቡ ልጆች ስላሉ ነው፤ ሌላው ሳያይባት ጠዋት የሚቀየርላት ካላገኘች አፍራ ትጠፋለች። በሮቹ ከውስጥ የሚቆለፉ ይሆናሉ፣ ትርፍ ቁልፍ ተረኛዋ ሠራተኛ ትይዛለች። መብራት ሲጠፋ ጨለማው የሚያስደነግጣቸው ስላሉ 4 የባትሪ መብራትም እንፈልጋለን።

ትልቁ ወጪ ግን የሦስት ተረኛ ሴቶች ደመወዝ ነው። በየቀኑ የሚለዋወጡ በጎ ፈቃደኞች ርካሽ ናቸው፣ ነገር ግን እያንዳንዷ አዲስ ፊት «ምን ሆነሽ መጣሽ?» ብላ እንደገና ትጀምራለች። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን ዝም ትላለች፣ በአራተኛው ደላላው የሰጣትን ስልክ ትደውላለች።

የመጀመሪያው ሌሊት ታሪክ አይጠየቅም። ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ ነገ ምን እንደሚደረግ ይነገራታል። ለወረዳው ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ በዚያው ዕለት እናሳውቃለን። መደፈሯን ከተናገረች ግን ለነገ አይባልም። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና ሐኪም ቤት በዚያው ሌሊት ትወሰዳለች። ደግ ሰዎች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው፤ ገላዋን አጥበው ልብሷን ይዘፈዝፋሉ፣ ማስረጃውም አብሮ ይታጠባል። ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይይዛል፣ ያበላሸዋል።

የተጎዳ ልጅ ትውስታ በቅደም ተከተል አይመጣም። አንዴ ማክሰኞ፣ አንዴ ሐሙስ ስትል መርማሪው ውሸታም ያደርጋታል። ስለዚህ ቃሏ እንዳለ፣ ከነቀኑ፣ በአንድ መዝገብ ብቻ ይጻፋል። «ራሷ ፈቅዳ ነው» የሚል ክርክር አያስጨንቀን፤ በ2000 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ማለትም በሰው መነገድን በሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት መሠረት፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መስማማት በሰው የሚነግደውን ነፃ አያወጣውም።

ቲኬት ቆርጦ ወደ ቤቷ መላክ ቀላሉ ነገር ነው። የሸሸችው ሰው እዚያው ካለ ግን በወሩ ተመልሳ ትመጣለች፣ አንዳንዴም በዚያው ደላላ እጅ። ስልክ ደውሎ ማጣራት አይበቃም፤ ስልኩን የሚያነሳው ደብዳቢው ሊሆን ይችላል። በጀታችን አንዲት ሠራተኛ ቀድማ ሄዳ አያትን፣ አክስትን፣ ትምህርት ቤቱን እንድታይ፣ ልጅቷ ከተመለሰችም በኋላ በሳምንት፣ በወርና በሦስት ወር እንድትጎበኛት የመጓጓዣ ይይዛል። ለወንዶች ልጆች ሌላ ቤት ያስፈልጋል፤ ይህኛው ለነሱ አይሆንም።

አንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት በየወሩ ትንሽ መስጠት ይሻለናል። ደመወዝ ሲቋረጥ ተረኛዋ ትሄዳለች፣ ልጅቷም ሌላ አዋቂ ታጣለች። ውጭ አገር ያላችሁ ያገለገለ ልብስ አትላኩ፤ ማጓጓዣው መርካቶ ገብቶ አዲስ ከመግዛት ይበልጣል። የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይቀበላሉ፤ ገቢና ወጪው በየወሩ መጨረሻ እድሩ ግቢ ይለጠፋል። መጀመሪያ የሚመደበው የስድስት ወር ኪራይ ነው፤ ከዚያ አንሶላው ይገዛል።