የተከበሩ፣ ጎማውንም ጠይቁልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላም ናችሁ? እኔ ያለሁት ደሴ ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ ትንሽ ቆየሁ፣ ጋዜጣችሁን ፒያሳ ከሚያከራየው ልጅ ወስጄ ነው የማነበው፣ አንዳንዴ ያለፈው ሳምንት ይደርሰኛል ግን ችግር የለውም፣ የኛ ሀገር ችግር እንደሆነ በሳምንት አያረጅም።

የምጽፈው ሰሞኑን በቲቪ ስላየሁት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ ነው። ሰኔ ሲመጣ መቼም ወሬው በጀት ነው። ከኛ ከሰሜን የተመረጡ አንድ አባል ተነሱና ሶስት ነገር ጠየቁ፣ ገንዘቡ ምን ላይ ነው የሚውለው፣ የተጀመረው መንገድ ለምን ቆመ፣ ጤና ጣቢያዎቻችን መድኃኒት የሚያገኙት መቼ ነው። እውነቴን ነው ደስ አለኝ። ቡና ቤቱ ውስጥ ኳስ እስኪጀምር የሚጠብቁት ልጆች እንኳን ዝም ብለው ሰሙ። መልሱ ግን ያው የምታውቁት ነው፣ የሃያ ሰው ጥያቄ አንድ ላይ ተሰብስቦ በጅምላ ይመለሳል፣ መንገዱ በሂደት ላይ ነው፣ መድኃኒቱ የውጭ ምንዛሪ ነው፣ የቀረው የክልሉ ሥልጣን ነው፣ አለቀ። ጠያቂውም "አልተመለሰልኝም" ብለው እንደገና አይነሱም፣ ልጆቹም ኳሳቸው ተከፈተላቸው።

ሰውየውን ለማንቋሸሽ አይደለም፣ ዝም ብለው አጨብጭበው የሚወጡም አሉኮ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌላውንም የፌዴራል ባለሥልጣን ጠርቶ መጠየቅና አሠራሩን መመርመር የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው ይላል፣ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን መመርመር። እኔን ያንገበገበኝ አጠያየቁ ነው። ስንት ተገዛ ስንት ተሠራ ብለህ ከጠየቅክ ሚኒስትሩ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩም እውነት ሊሆን ይችላል። ከተገዛው ስንቱ ቆሟል ብለህ ስትጠይቅ ነው ወረቀቱ የሚጠፋው።

ይሄን ከየት አወቅከው ካላችሁኝ፣ አምቡላንስ ሹፌር ነበርኩ። ወረዳዋን አልጠራም፣ አሁንም እዛ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ግን ወሎ ውስጥ ናት፣ ደጋውም ቆላውም ያላት ገደላም ናት። አምቡላንሷ ስትመጣ ሪባን ተቆርጦ ነው፣ ላንድክሩዘር፣ አዲስ፣ ወንበሯ ላስቲኩ ያልተገፈፈ፣ ሴቶቹ እልል ብለው ሼሁም ቄሱም መርቀው ነው የተቀበልናት። ለሷ መግዣ ብር ነበረ። ለጎማዋ ግን አልነበረም።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚወርድ ጠጋ ብሎ ላየው ነገሩ ግልጽ ነው። የ2018ቱ የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ተብሎ ሲጸድቅ ሰምተናል፣ ከዛ ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የሚሄደው ከ300 ቢሊዮን በላይ ነው፣ ሲሰላ ከስድስት ብር አንዷ ገደማ። ድጎማው በቀመር ለክልል ይወርዳል፣ ቀመሩን የሚያወጣው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ለወረዳ ያከፋፍላል፣ ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው የአስተማሪና የጤና ሠራተኛ የግብርና ባለሙያ ደመወዝ ነው (እሱም በቅጡ ከደረሰ)፣ የምትተርፈዋ ሥራ ማስኬጃ የሚሏት ናት፣ ናፍጣውም ጎማውም የወረቀቱም የቀለሙም የውሎ አበሉም ከሷ ነው፣ እንግዲህ ስብሰባ ከበዛ ጎማው ይቀራል ማለት ነው። ከመጋቢት በኋላ "በጀት ዘግቷል" ይሉሃል። ምጥ በጀት አይጠብቅም ብትላቸው ማን ሊሰማህ።

አንድ ጊዜ የኋላ ጎማዎቿ አለቁ፣ በቃ ሽቦው ታየ። እኛ ሀገር መንገዱ ጎማ ይበላል፣ አስፋልቱን ለቀህ ወደ በሽሎ ወንዝ በኩል ከታጠፍክ ድንጋዩ ምላጭ ነው። በነገራችን ላይ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን በበሽሎ አሻግረው መቅደላ ያወጧት በ1860 ነው፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ መንገዱን እየደለደሉ፣ እሳቸውም ድንጋይ እያነሱ። አሁን እኛ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ማሻገር ከብዶናል። ወደ ነገሬ ልመለስ፣ ጎማ ይገዛልን ብለን ጻፍን፣ ሶስት ፕሮፎርማ አምጡ ተባልን፣ አመጣን፣ ተፈርሞ እስኪወርድ ዋጋው ጨመረና ነጋዴው በድሮው አልሸጥም አለ፣ እንደገና ፕሮፎርማ። እንዲህ እያለ ሁለት ወር አለፈ። እኔ ደመወዜን እየበላሁ ጥላ ስር ተቀምጬ አምቡላንሷን አቧራዋን እጠርጋለሁ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በግቢው በር ፊት ለፊት ቃሬዛ መጣ። ከቆላ ቀበሌ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጡ አድረው ነው፣ አሥር አሥራ ሁለት ወንድ እየተቀባበለ፣ ሴትዮዋ በጋቢ ተሸፍናለች እጇ ብቻ ነው የሚታየው። ጤና ጣቢያው እላይ ስለሆነ በአምቡላንሷ አጠገብ ነው የሚያልፉት። አልፈው ሄዱ። አንድ ሽማግሌ ግን ቆሙና በዱላቸው ቦኔቷን ኳ ኳ አድርገው "ልጄ ይቺ ምን ሆና ነው የተኛችው?" አሉኝ። "ጎማ የላትም አባባ" አልኩ። "ጎማ ስንት ነው?" ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እሱንማ እድሩ ያወጣው ነበር፣ ምነው ሳትነግሩን" አሉኝ። ወላሂ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ሴትዮዋ ተርፋለች አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ግን አልተረፈም።

እድሩ በእውነትም አዋጣ። ገዝተው ሁለት ጎማ በአህያ ጭነው አመጡ። ፋይናንስ ደግሞ በምን ሕግ እንቀበላለን አለ፣ ሞዴል 19 የሚሉት የንብረት መቀበያ ደረሰኝ ካልተቆረጠለት ንብረት አይገባም፣ ለመቁረጥ ደግሞ ደብዳቤ ይፈልጋል፣ ብቻ በመጨረሻ አንድ ደህና ሰው ተገኝቶ ፈርሞ ገባ።

ታዲያ እኔ የተከበሩት ሲጠይቁ ስሰማ የሚታየኝ ይቺው ነገር ናት፣ ተሠርቶ የሚቆም፣ ተገዝቶ የሚተኛ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሀራ ገበያ የሚደርሰውን ሀዲድ ውሰዱ። ወደ 390 ኪሎሜትር ነው፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ነው የሠራው፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው የተባለው፣ አብዛኛው ብድር። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ዘገየ፣ ኋላ ጦርነቱ መጣና ዝርፊያው ተጨመረበት፣ እስካሁን ትኬት ቆርጦ የሄደበት ሰው አላጋጠመኝም። ብድሩ ግን የቆመ ባቡር ነው ብሎ አይተውህም። ሆስፒታሎቹም ያው ናቸው፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ ወሎ ሲገባ የደሴም የወልድያም ሆስፒታል እንዴት እንደተዘረፈ ያየነው ነን፣ ከዛ በኋላ ማሽን መጣ ተብሎ በቲቪ ይታያል፣ እሰየው፣ ግን የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫው በጀቱ ውስጥ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ወባም ተመልሷል፣ በፈረንጆቹ 2024 ዓመቱ ሳያልቅ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኛ እንደተመዘገበ የዓለም ጤና ድርጅት ተናግሯል፣ የሞተውም ከአንድ ሺህ በላይ ነው። ቃሉም ባቲም ቆቦም ቆላ ናቸው፣ ኬሚካሉ መጋዘን ቢሞላ የሚያደርሰው መኪናና የረጪው አበል ያው ከዛችው ከሥራ ማስኬጃ ነው የሚወጣው።

ስለዚህ የተከበሩ፣ እባክዎ በሚቀጥለው ሲነሱ ሶስት ጥያቄ አያድርጉት፣ አንድ ይበቃል። የመንገዱም የጤናውም የወጪውም ጥያቄ አንድ ነው፣ ላለፉት አምስት ዓመታት ለኛ ወረዳዎች ከተሰጡት አምቡላንሶች ዛሬ ጠዋት ሞተራቸው የሚነሳው ስንት ናቸው፣ የቆሙት በምን ቆሙ፣ በየወረዳው ይነበብልኝ ይበሉ። የክልሉ ሥልጣን ነው ካሏችሁ ደግሞ ክልሉ ምን ያህል ሥራ ማስኬጃ አወረደ ብሎ መከታተል ነው፣ ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ሪፖርቱን የሚያቀርበው እዛው እናንተ ፊት ነው፣ የመንግሥት ወጪ የሚቆጣጠር ቋሚ ኮሚቴም አላችሁ፣ እንደው አዲስ የሚሠራበትንና የሚገዛበትን ካፒታል በጀት ብቻ ከምታገላብጡ።

ምክር ቤቱ ከሰኔ 30 በኋላ ይዘጋል፣ ክረምቱን የመረጣችሁን ሕዝብ ለማወያየት ትመጣላችሁ። አዳራሽ ውስጥ ውሃ በፕላስቲክ ተደርድሮ የምንወያየውን ተዉትና አንድ ቀን ከኔ ጋ እንውጣ፣ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሽማግሌውም በሕይወት አሉ። መኪና ግን እናንተ ናችሁ የምታመጡት፣ ጎማውን አይታችሁ።

የቀድሞ የአምቡላንስ ሹፌር
ደሴ