ሽሮ የመሰለው አደይ አበባ፦ የዲጂታል ጥበብ ክበብ ዓመት

መስከረም ላይ 23 ተማሪ ተመዘገበ። እስከ ሰኔ የዘለቁት 14 ናቸው። ሌሎቹ ጌም ልንሠራ መስሏቸው ነበር የመጡት፤ አልፈርድባቸውም።

የእኛ ሥራ ሌላ ነው። ከኢንተርኔት ፎቶ እናወርዳለን፤ ቀለሞቹን በኮድ እንለቅማለን፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ በእነዚያ ቀለሞች ስዕል የሚሠራበትን ሕግ እንጽፋለን። የተጠቀምነው ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመሩትን ፕሮሰሲንግ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ነው። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የኮምፒውተር ክፍላችንን ኔትወርክ የሚያውቅ ለምን እንደመረጥነው ይገባዋል። ፎቶዎቹን ዊኪሚዲያ ኮመንስ ከተባለው የነጻ ፎቶዎች ድረ ገጽ ቤቴ አውርጄ በፍላሽ አመጣለሁ፤ የፎቶ አንሺው ስምና የፈቃዱ ዓይነት በየስዕሉ ሥር ይጻፋል።

የመጀመሪያው ፎቶ የአደይ አበባ መስክ ነበር። እያንዳንዷ ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባት ትንሽ ነጥብ፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር አላት። ልጆቹ ሁሉንም ደምረው አካፈሉና አማካይ ቀለም አወጡ። ስክሪኑን ሳይ ሳቄ መጣ። “ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሽሮ ነው!” አለች አንዷ። እውነቷን ነው። ቢጫው፣ ቅጠሉና አፈሩ አብረው ሲማሰሉ ሌላ ምን ይወጣቸዋል?

ማቧደንን የተማርነው ከዚያ በኋላ ነው። የሚቀራረቡ ፒክስሎች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ አማካዩም ከየቡድኑ ይወሰዳል። አደያችን ቢጫነቷን አገኘች። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። 5 ቡድን ስንል አምስቱም ቡናማና ግራጫ ሆኑ። ጥግ ላይ ነጠላ ለብሰው የቆሙትን ምእመናን ድንጋዩ ዋጣቸው። 12 ስናደርገው ነጩ ብቅ አለ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የፎቶው ቀለም የትኛው ነው? ብዙ ቦታ የያዘው ወይስ ዓይን ቀድሞ የሚያርፍበት? እኔ ከነጠላው ወገን ነበርኩ።

ስዕሉን የሚሠሩት በዕጣ አቅጣጫ እየቀየሩ የሚጓዙ መስመሮች ናቸው። ኮዱ በተነሣ ቁጥር ሌላ ስዕል ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ጥልፍ የመሰለ ድንቅ ነገር ወጣለት። ጓደኛውን ሊጠራ ሲሮጥ መብራት ሄደ። ያው ዕጣ እንዲደገም የሚያደርገውን መነሻ ቁጥር ኮዱ ውስጥ አላስገባም ነበርና ያቺን ስዕል ዳግም አላየናትም። አሁን መነሻ ቁጥር ሳይጽፍ ኮድ የሚያስነሣ የለም።

ለወላጆች ቀን 9 ስዕል አተምን። በዋዜማው የፕሪንተሩ ቢጫ ቀለም አለቀና አደይ አበባው ፈዛዛ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ “ይሰቀል!” አሉ፤ ተሰቀለ። አንዲት እናት “የኮክ አበባ ነው?” ብለው ጠየቁኝ። “አዎ” አልኳቸው፤ ምን ላድርግ!

ለሚቀጥለው ዓመት ክበቡ ያስገባው የበጀት ጥያቄ አንድ መስመር ነው፦ ቢጫ ቀለም።