ያ ድምፅ ከበሮ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ በጥበብ ዓምዳችሁ ላይ ስለ «ብላክ ፓንተር» ፊልም ሙዚቃ የወጣውን ጽሑፍ ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነው የሰነበተው። ርዕሱ «የኛ ከበሮ በሆሊውድ» ይላል። ውስጡ ሲገባ ደግሞ የፊልሙ ጀግና ንጉሥ ትቻላ ብቅ ባለ ቁጥር የሚሰማው ምት «ጥንታዊው የኢትዮጵያ ከበሮ» መሆኑ ያለ አንዳች ጥርጥር ተጽፏል። አይደለም። ከበሮም አይደለም፣ የኢትዮጵያም አይደለም። መሣሪያው ታማ ይባላል፤ የመጣው ከሴኔጋል ነው። የመታው ሰውም ስም አለው፤ ማሳምባ ዲዮፕ ይባላል። በጽሑፋችሁ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

«ሁለቱም ቆዳ የተወጠረባቸው ናቸው፤ ምን ይለያያሉ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ እጅ ላይ ይዘን እንያቸው።

ከበሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይሠራል። አንዱ አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሁለቱም አፎች ቆዳ ይለብሳሉ፤ ቆዳውን የሚያስረው ጠፍር እንጨቱ ላይ ተኝቶ፣ ተጠላልፎ፣ ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ ይሄዳል። አንዴ የተወጠረ ተወጠረ ነው። መቺው በማንገቻው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰፊውን በአንድ እጁ፣ ጠባቡን በሌላው ይመታል፤ ከሰፊው ወፍራም፣ ከጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። እጁን ከመካከል ወደ ጠርዝ ቢያሸሽ የድምፁ መልክ ይለወጣል እንጂ ከወፍራሙ ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ የሚንሸራተት ድምፅ ከበሮ የለውም። ማኅሌት ቆሞ ያደመጠ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም። ወረቡ ረገብ ብሎ ተጀምሮ እየጋለ ሲሄድ የሚጨምረው የምቱ ፍጥነት ነው፤ የከበሮው ድምፅ ያው በቦታው ነው።

ታማ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ሲኒ ቂጥና ቂጣቸው ቢገጠም የሚሰጡትን ቅርጽ ያስቡ፤ አፉ ከላይም ከታችም ሰፋ ያለ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ ብብት ውስጥ የሚገባ ትንሽ መሣሪያ ነው። ከላይኛው ቆዳ ወደ ታችኛው የሚወርዱት ጠፍሮች እንጨቱን አይነኩትም፤ በቀጠነው ወገብ ዙሪያ አየር ላይ ተወጥረው ይቆማሉ። ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መቺው ክንዱን ጨመቅ ሲያደርግ ጠፍሮቹ ወደ ወገቡ ይገባሉ፣ ሁለቱንም ቆዳ ይስባሉ፣ ድምፁ ይቀጥናል። ሲለቃቸው ይወፍራል። በአንድ እጁ ጫፉ በጎበጠ ዱላ፣ በሌላው በጣቶቹ ይመታል። አንዱ ምት ገና አየር ላይ እያለ ድምፁን ወደ ላይ ሊያወጣው ወይም ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲገባ የላላውን ከበሮ ፀሐይ ላይ አስጥተን ቆዳው እስኪጠብቅ እንጠብቃለን፤ ታማ መቺ ግን ያንኑ የመወጠርና የማላላት ሥራ በየሰከንዱ በብብቱ ይሠራዋል። «ተናጋሪ ከበሮ» የሚባለውም ሰው ሲናገር ድምፁን ከፍ ዝቅ እንደሚያደርገው ስለሚያደርግ ነው።

የፊልሙ ሙዚቃ አቀናባሪ ስዊድናዊው ሉድቪግ ጎራንሰን ይህን መሣሪያ የመረጠበትን ምክንያት ራሱ ተናግሯል፤ ዲዮፕን የጀግናውን ስም በታማው እንዲጠራለት ጠየቀው። ፊልሙን ከፍታችሁ አድምጡ። ትቻላ ሲገባ የሚሰማው ያ አጭር ምት ስሙ ነው። መጨረሻው ላይ ድምፁ ጎበጥ ይላል፤ ሰው ስም ሲጠራ እንደሚያደርገው። ጠፍሩ እንጨት ላይ የተኛ ከበሮ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ቢጫኑት ይታፈናል እንጂ አይናገርም። ጸሐፊያችሁ ያንን ድምፅ ሰምተው «ከበሮ» ካሉ፣ ወይ ከበሮን ቀርበው አልሰሙም፣ ወይ ፊልሙን አላደመጡም።

ሌላም ነገር አለ። የትቻላ ሙዚቃ ከታች የኤሌክትሮኒክስ ባስ ተደርቦበታል፤ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980 ካወጣው 808 ከተባለው የምት ማሽን የመጣ፣ ሂፕ ሆፕ ያሳደገው፣ ረዥምና ጥልቅ ድምፅ ነው። የከበሮ ሰፊው አፍ የሚሰማው እዚያው ከታች ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብታስቀምጧቸው እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ድምፅ ቀራጩ ወይ የከበሮውን ሆድ ይቆርጥና ባዶ ጣሳ ያስመስለዋል፣ ወይ ባሱን ያሳንሰዋል። ታማ ግን ከላይ ነው የሚቀመጠው። ባሱ ከታች፣ የኦርኬስትራው ነሐስ ከመካከል፣ ታማው ከላይ፤ ሦስቱም ሳይጋፉ ጎልተው የሚሰሙት ለዚህ ነው። ከበሮ እዚያ ቦታ ላይ ቢገባ ኖሮ ሙዚቃው ሌላ ይሆን ነበር።

የኛ ዋሽንት ነው የተባለውም የኛ አይደለም። የትቻላ ተቀናቃኝ ኪልሞንገር ሲመጣ የሚሰማው የምዕራብ አፍሪካው የፉላ ሕዝብ ዋሽንት ነው ብትሉ ባልተከፋሁ፤ «ባለ አራት ቀዳዳው የኛ ዋሽንት» ተብሎ ነው የተጻፈው። የፉላው ሦስት ቀዳዳ ያለው ነው፣ የሚነፋውም ወደ ጎን ነው። ነፊው አማዱ ባ እየነፋ አብሮ ይናገርበታል፣ ያንሾካሹክበታል፣ ይጮኽበታል። ያ ትንፋሽ የተቀላቀለበት ንዴት ለኪልሞንገር የተሰጠው በከንቱ አይደለም፤ ለኔ ከመላው የፊልሙ ሙዚቃ የላቀው ይህ ነው፤ ከጀግናው ሙዚቃም ይበልጣል። ዜማው «በትዝታ ቅኝት ነው» መባሉስ? አምስት ድምፅ ያለው ዜማ ሁሉ ትዝታ ከሆነ ከቻይና እስከ ስኮትላንድ ያለው ሕዝብ ትዝታ ሲዘፍን ኖሯል ማለት ነው። ቅኝት የድምፅ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ዜማው የት አርፎ የት እንደሚመለስ፣ በምን እንደሚያጌጥም ነው።

ዘፋኙን አቤል ተስፋዬን በሚመለከት የተጻፈውም መታረም አለበት። «በአቤል ድምፅ የደመቀው ሙዚቃ ኦስካር ወሰደ» ተብሏል። ሁለት ሥራዎች ተደባልቀዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ራፐሩ ኬንድሪክ ላማር ያሰናዳው የዘፈን አልበም አብሮ ወጥቷል፤ አቤል ከኬንድሪክ ጋር «ፕሬይ ፎር ሚ»ን የዘፈነው እዚያ ላይ ነው። ጎራንሰን የደረሰው ማጀቢያ ሙዚቃ ደግሞ ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካሩን የወሰደው ይኸኛው ነው። ከአልበሙ ለኦስካር የታጨው ኬንድሪክና ሲዛ የዘፈኑት «ኦል ዘ ስታርስ» ነበር፤ አላሸነፈም። አቤል ካናዳ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ ልጅ ነው፤ ስሙ ሲነሣ ደስ ቢለን አይፈረድብንም። ያልወሰደውን ሽልማት ማሸከም ግን እሱን ማክበር አይደለም።

ዘፈንና ማጀቢያን አንድ ማድረግ ለአንድ የጥበብ ዓምድ ቀላል ስህተት አይደለም። ዘፈን ራሱን ችሎ ተሠርቶ ለፊልሙ ይቆረጣል። ማጀቢያ የሚለካው ከምስሉ ጋር ነው። ዳይሬክተሩና አቀናባሪው ፊልሙን አብረው እያዩ ሙዚቃው የት ይግባ፣ የት ይውጣ ይባባላሉ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይሄዳል፤ ሙዚቃው በደቂቃ 120 ምት ከሆነ አንዱ ምት 12 ምስል ይይዛል፣ ወደ 90 ከወረደ 16። በር ሲከፈት ወይም ቡጢ ሲያርፍ ምቱ አብሮ ካልወደቀ ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ባያውቅም ጆሮውን ይቆረቁረዋል። በኋላ አርታኢው ከትዕይንቱ ሦስት ሰከንድ ቢያወጣ፣ በ120 ፍጥነት ስድስት ምት ጠፋ ማለት ነው፤ ሙዚቃው በአራት በአራት የሚቆጠር ከሆነ አንድ ዙር ተኩል ጎደለ። ያንን ግማሽ ዙር የሆነ ቦታ መደበቅ የአቀናባሪው ዕዳ ነው።

በዚህ ላይ ታማን ጨምሩበት። ታማ መቺ ያደገው ከዘፋኝ ጋር ነው፤ ከመቁጠሪያ ማሽን ጋር አይደለም። ጎራንሰን የሴኔጋሉን ዘፋኝ ባባ ማልን ተከትሎ ሴኔጋል ድረስ ሄዶ፣ በጉዞው አብሮት ሰንብቶ፣ ሙዚቀኞቹን እዚያው ቀድቶ ከተመለሰ በኋላ ነው ኦርኬስትራውን በላዩ የጻፈው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ኦርኬስትራው አስቀድሞ ተጽፎ ታማው ቢጨመርበት መቺው ከማሽኑ ጋር ሲታገል ምቱ ይደርቅ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ሂዩ ትሬሲ እ.ኤ.አ. በ1954 ወደ መሠረተው የአፍሪካ ሙዚቃ መዝገብ ቤት ሄዶ የቆዩ ቅጂዎችን አድምጧል። ስዊድናዊ ስለ አፍሪካ ምን ያውቃል የሚል ክርክር ቢነሣ ተገቢ ነው፤ የፊልሙ ምናባዊ አገር የዋካንዳ ሙዚቃ ከሴኔጋል ታማ፣ ከፉላ ዋሽንትና ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋ መሰፋቱም ቅር የሚያሰኝ አለ፤ እኔንም ትላልቆቹ የጦርነት ትዕይንቶች ላይ ኦርኬስትራው እንደ ማንኛውም የጀግና ፊልም መሆኑ ቅር ይለኛል። ያም ሆኖ ሰውየው ከማን ምን እንደወሰደ በስም ተናግሯል። እናንተ ግን ስማቸውን አጥፍታችሁ በምትኩ ያልነበረ ከበሮ አስገባችሁ።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ የቀረው ነገር ነው። ጽሑፉ «ኢትዮጵያ በፊልሙ ውስጥ የት አለች?» ብሎ ይጠይቅና በሌለችበት ሲፈልጋት ይውላል። ያለችበትን ቦታ ግን ያልፈዋል። ከጎሣ አለቆቹ አንዱን አስታውሱ፤ ይዛክ ደ ባንኮሌ የሚጫወተውን፣ አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ክብ ሸክላ ያደረገውን። ያ ሸክላ የሙርሲና የሱርማ ነው፤ የኦሞ ወገኖቻችን ነው። ልብሱን የነደፈችው ሩት ካርተር ለዚህ ፊልም ኦስካር ወስዳለች። ከሌሶቶው ብርድ ልብስና ከዙሉ ባለትዳር ሴቶች ቆብ ጎን ለጎን ኢትዮጵያ የገባችው በዚህ በኩል ነው።

መጠየቅ ያለበትም እዚያው ነበር። ሙርሲ ዘንድ የከንፈር ሸክላ የሴት ነው። ልጅቷ 15 ወይም 16 ዓመት ገደማ ሲሆናት የታችኛው ከንፈሯን እናቷ ወይም ሌላ የሰፈሩ ሴት ትበሳላታለች፤ ቁስሉ እስኪድን ትንሽ እንጨት ይገባበታል፤ ከዚያ በየጊዜው ሰፋ ባለ ይተካል፣ በመጨረሻ ሸክላው ይገባል። ሁልጊዜም አይደረግም፤ ላም ሲያልቡ፣ ለወንዶች ምግብ ሲያቀርቡ፣ በሥርዓት ቀን ያደርጉታል። ፊልሙ ይህን ወስዶ ወንድ ላይ አደረገው፤ ከሱፍ ልብስ ጋር አዛመደው። ትክክል ነው? ለክብር ነው ወይስ ለዓይን ማረፊያ? አንድ ጥበብ ዘጋቢ ሙሉ ገጽ ሊጽፍበት የሚችል ጉዳይ ነበር። ሙርሲዎችን ጠይቆ የሚጽፍ ቢገኝማ ምንኛ ጥሩ ነበር። ጋዜጣችሁ ግን ሙርሲን አንድ ቃል አልሰጠም። ከበሮ «የኛ» ሲሆን ሙርሲ «የኛ» የማይሆነው በምን ሚዛን ነው?

የኢትዮጵያን ሙዚቃ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ መስማት ለሚፈልግ ሰውም መፈልሰፍ አያስፈልገውም። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በሠራው «ብሮክን ፍላወርስ» ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመላልሶ ይሰማል፤ ጄፍሪ ራይት የሚጫወተው ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለዋናው ገጸ ባሕርይ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፣ ሰውየውም መኪናው ውስጥ እያደመጠ ይጓዛል። እውነተኛ ነው፣ ስም አለው፣ ሙዚቃውም የኛ ነው።

እኛ የባህል መሣሪያ የምንጫወትና የምናስተምር ሰዎች ይህን ስህተት የምናነበው ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። አዝማሪው «አንድ አዝማሪ» ይባላል፤ መሰንቆው «የባህል መሣሪያ» ይባላል፤ በገናና ክራር ይምታታሉ። የውጭ ሰው የኛን መሣሪያ ስም ሲያበላሽ እንቆጣለን። የማሳምባ ዲዮፕን ታማ «ከበሮ» ብለን፣ ስሙን ፍቀን፣ ለራሳችን ስናደርገው ያንኑ በደል በእሱ ላይ መፈጸማችን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ርዕሱ በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን የሚከተለው እርማት እንዲወጣ እጠይቃለሁ፦ «በብላክ ፓንተር ፊልም የሚሰማው የሴኔጋል ታማ ነው፤ የመታውም ማሳምባ ዲዮፕ ነው። ዋሽንቱ የፉላ ነው፤ የነፋውም አማዱ ባ ነው። በማጀቢያው የሚዘፍነው ባባ ማል ነው። ኦስካር የወሰደው የሉድቪግ ጎራንሰን ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። በፊልሙ የሚታየው የከንፈር ሸክላ የሙርሲና የሱርማ ነው።»

ከአክብሮት ጋር፣
የባህል ሙዚቃ መሣሪያ አስተማሪ
አዲስ አበባ