በሁዳዴ ሰሞን ከፊላው ውስጥ መረብ ይነሳልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሁዳዴ በገባ ቁጥር የአዲስ አበባ ዓሣ ቤት ሁሉ ዓይኑን ወደ እኛ ሐይቅ ይጥላል። እኔ ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ እየሰነጠቅሁ ልጆቼን ያሳደግሁ ሴት ነኝ። ገበያው ሲደራ እኔም እጠቀማለሁና ይህን የምጽፈው በነጋዴው ቀንቼ አይደለም። አባቶች ዓሣ በጾም አይበላም ማለታቸውንም አውቃለሁ፤ ሰዉ ግን ይበላል፣ ብዙው የሚጫነውም ከዚህ ነው።

ያሳሰበኝ ጊዜው ነው። በእኛ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) ዓመቱን ሙሉ ቢራባም ከጥር እስከ መጋቢትና ደግሞ በክረምቱ ይበረታል። የመጀመሪያው ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። ወንዱ ዳር ወጥቶ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጉድጓድ ይምሳል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ትጥልና መልሳ በአፏ ትይዘዋለች፤ ተፈልፍሎ ራሱን እስኪችልም በአፏ ይዛው ትዞራለች። መረብ ሲይዛት አብዛኛውን ትተፋዋለች፤ የሚቀርም አለ። ቢላዬን ከራሷ ሥር ሳሳርፍ አፏ ይከፈትና ከሰናፍጭ ፍሬ ከፍ የሚል ቢጫ እንቁላል ጣቴ ላይ ይፈሳል። አንዳንዴም ዓይን ያወጣ፣ ጭራውን የሚያወራጭ ጫጩት ነው። ወደ ሐይቁ ብመልሰውም እናቱ የለችም።

እንግዲህ በእነዚህ ወራት በሐይቁ ዳር በበቀለው ረጅም ሣር፣ ፊላው ውስጥ መረብ የሚጥል ሰው እናትና ልጅን አብሮ ነው የሚያወጣው። በዚያ ላይ በሌሊት የሚገባው መረብ ዓይኑ እየጠበበ ሄዷል። ጠዋት የሚመጣልን ክምር ውስጥ ስንዝር የማይሞላ ቆሮሶ ሞልቷል፤ አንዴ እንኳ ያልወለደ። ገዢው ይህን አያይም። ፊሌቶ ሆኖ በበረዶ ሲጫን ትልቁም ትንሹም ያው ነጭ ሥጋ ነው። ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ ስንት ዓሣ እንደሚያልቅ የምናውቀው ቢላ የያዝነው ነን፤ ቁጥሩም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው።

ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለትም የጥቁር ውኃ ወንዝ ብቻ ነው። እዚህ የጠፋ ዘር ከሌላ ሐይቅ ዋኝቶ አይመጣም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሌሊት ዳር ወርዶ መረብ የሚለካ ሰው ግን እኔ አላየሁም። መረብ የሚጥሉትን ልጆች አልፈርድባቸውም። ሥራ የላቸውም፣ ጾሙ ደግሞ ጥሩ ገንዘብ የሚገኝበት ነው። በእነዚህ ሦስት ወራት ፊላው ለመረብ ይዘጋ፤ እነሱም ሰፊ ዓይን ያለው መረብና መንጠቆ ይዘው ከዳር ራቅ ይበሉ።

አምባዛም አለ። ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖቱ የማይበላ ሰው ብዙ ነው፤ እሱን አይመለከተውም። ለሚበላው ግን በመንጠቆ የተያዘ ትልቅ አምባዛ ቤተሰብ ያጠግባል። ጠረኑን ለሚፈራ፣ ቆዳውን ገፎ በሎሚና በጨው ማሸት፣ ጥቂት አቆይቶ ማጠብ፣ ከዚያ በአዋዜ ለብለብ ማድረግ ነው። እኔ ለቤቴ ከቆሮሶ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ሆቴሎችና ዓሣ ቤቶች ዘንድሮ ፊሌቶ ከመረከባችሁ በፊት ሙሉውን ዓሣ አሳዩን በሉ። በስልክ ከምታዙ አንድ ሰው ላኩና ጠዋት አሞራ ገደል ቆሞ ይይ። ስንዝር የማይሞላ አንገዛም ካላችሁ ጠባቡ መረብ በማግስቱ አይወጣም፤ ገዢ ለሌለው ዓሣ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ የሚመታው ሰው የለም።

ዓሣ ሰንጣቂ
ከሐዋሳ